ለቡዳፔስቱ ሜዳ የተቀመጥነው ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት በርበሬ ልገዛ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የባልትና ሱቅ ገብቼ ቆሜ ሳለሁ ባለቤቷ የዱባ ፍሬ ቆልታ በትሪ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ጨው ነስንሳበታለች፤ ገና ይሞቃል። አንዱን በጥርሴ ፈልቅቄ ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ ልሩጥ ልሩጥ አለኝ። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ "ምነው፣ መረረሽ እንዴ?" አለችኝ። "አይ፣ ሰው አስታውሶኝ ነው" አልኳት። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም። እዚህ ግን የሚቸኩል የለም።

ሰውየው ጋሼ ታምራት ይባላል። ዳውንታውን ከሚገኙት ትልልቅ የመኪና ማቆሚያዎች በአንዱ መግቢያ ላይ፣ መስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር የሚሠራው። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ከፌርፋክስ ገባ ብሎ ካለ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋት ግን የእኛ ነበር። የሰፈሩን የሐበሻ ልጆች ሰብስቦ ከፒኮ ሮበርትሰን ወዲያ ወዳለው መናፈሻ ይወስደንና ኳስ ያሠለጥነናል። አባቶቻችን ታክሲ ይነዳሉ፣ እናቶቻችን አረጋውያን ይንከባከባሉ ወይም ሬስቶራንት ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ለሁሉም ዋና የሥራ ቀን ነው። ጋሼ ታምራት ባይኖር ኖሮ ቅዳሜያችን ቴሌቪዥን ፊት ነበር የሚያልቀው።

በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሀንጋሪ ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበር። ቡዳፔስት ምን እንደተማረ ስንጠይቀው "የውኃ ምሕንድስና" ይልና ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ስለ ሜዳው ከጠየቅነው ግን ማን ያስቆመዋል! አረንጓዴና ነጭ የሚለብስ የዘጠነኛው ወረዳ ሕዝብ ክለብ ነበር። ስሙ ለእኛ አፍ ስለረዘመ "አረንጓዴዎቹ" እንላቸው ነበር። ሜዳቸው ትራም ከሚያልፍበት ትልቅ ጎዳና ዳር ነው። ከጎሉ ጀርባ ሕዝቡ ቆሞ የሚያይበት የሲሚንቶ ደረጃ አለ። እዚያ የዱባ ፍሬ የማይበላ ሰው የለም፤ ጨዋታው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ መሬቱ በቅርፊት ተሸፍኖ ከጫማ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ጋሼ ታምራትም ለልምምድ ሲመጣ አንዱ ኪሱ ሁልጊዜ በዱባ ፍሬ የተሞላ ነበር። በዕረፍት ሰዓት እፍኝ እፍኝ ያድለናል፤ ቅርፊቱን መሬት ላይ መትፋት የተፈቀደልን በሕይወታችን ብቸኛው ቦታ ያ ነበር።

ችግሩ፣ ስለ ሜዳው ሲያወራ ትናንት እዚያ የነበረ ነው የሚመስለው። "ሜዳችን ላይ እንዲህ ፈርቶ ኳስ ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው ፉጨቱን አይችለውም!" ይለናል። ስለዚህ እኔ ሜዳው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር። በሐሳቤ ከሚሠራበት ሕንፃ ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። እኛን ቤት አድርሶ ሲሄድ እዚያ የሚሄድ፣ የእያንዳንዳችንንም ጥፋት ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ያን ፉጨት እየፈራሁ አንድ ቀን ኳስ ወደ ኋላ ሰጥቼ አላውቅም። ሰዎች ግትር ተጫዋች ነሽ ይሉኝ ነበር። ግትርማ ነኝ፤ ያኔ ግን ፈርቼ ነው።

ማሊያችንም አረንጓዴና ነጭ ነበር። እናቴ ሰናይት መጀመሪያ ያየችው ቀን አገላብጣ መረመረችው።

"ጋሼ ታምራት፣ ቢጫውና ቀዩስ የት ገባ?" አለችው።

"ሰናይት፣ ይሄ እኮ ባንዲራ አይደለም። የክለብ ማሊያ ነው።"

"ቢሆንስ! አረንጓዴው ብቻውን ምን ይሠራል?"

በማግስቱ የእኔ ማሊያ እጅጌ ላይ ቢጫና ቀይ ጥብጣብ ተሰፍቶበት ተገኘ። ጋሼ ታምራት አይቶ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቀ ነው። ያን ዓመት ሙሉ እንደዚያው ተጫወትኩበት።

ያ ዓመት የአምስተኛ ክፍል ዓመቴ ነው። ከገና በኋላ ፓልምስ ሰፈር ካሉት የሐበሻ ልጆች ጋር ገጥመን ክፉኛ ተዋርደን ነበር። ናቲ፣ በረኛችን፣ መኪና ውስጥ እስከ ቤቱ ድረስ አለቀሰ። የመልሱ ጨዋታ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ እኛው መናፈሻ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ እኔ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሒሳብ ስሠራም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም የማስበው ፓልምሶችን ነው።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ጋሼ ታምራት ሳይመጣ ቀረ። ማሊያችንን ለብሰን ልብስ ማጠቢያው ደጃፍ ቆመን ጠብቀን ጠብቀን ተበተንን። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣም። ስልኩንም አያነሣም። ወላጆቻችን አንድ ቃል ነበራቸው፤ ትልቅ ሰው አብሯችሁ ካልሄደ መናፈሻ የሚባል ነገር የለም። ጋሼ ታምራት ካልተመለሰ ፓልምሶችን መግጠም ቀረ፤ ቡድናችንም አለቀለት ማለት ነው። 

እናቴ ታሞ ይሆናል ብላ ምስር ወጥና እንጀራ ቋጥራ ይዛኝ ሄደች። በሩን ሲከፍት ልናውቀው አቃተን። ጢሙ አድጓል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ተከፍቶ፣ አንድ ትልቅ ማሽን ሕንፃ ሲንድ ያሳያል። ግድግዳው ይወርዳል፤ አቧራው ይነሣል።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር በሰፈር ይፈርስ ነበር፤ ፌርፋክስ ላይ ያደገበት ቤት ፈረሰ ተብሎ ያልተደወለለት ሰው ጥቂት ነው።

"ውይ ጋሼ ታምራት! የእናንተም ፈረሰ? ቤተሰብ የት ወደቀ? ምትክ ተሰጣቸው?"

"አይ፣ ቤታችን አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "ቡዳፔስት ነው። የኳስ ሜዳው ነው። አፈረሱት።"

እናቴ ምግቡን አስቀመጠች፣ እግዚአብሔር ያበርታዎት አለች፣ ወጣን። ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ብረቱን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ለኳስ ሜዳ! ጢም አሳድጎ! ኧረ እመቤቴ፣ ብቸኝነት እንዲህ ያደርጋል!"

እኔ አልሳቅሁም፤ እንዲያውም ተናድጄባታለሁ። ቤቱ ውስጥ ያየሁትን ሰው አውቀዋለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጎረቤታችን የአቶ ግርማ አባት አገር ቤት ሲያርፉ አቶ ግርማ ልክ እንደዚያ ነበር። ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሰው ሲያናግረው ከሩቅ እየሰማ። አቶ ግርማን ጊዜ ብቻውን አላዳነውም፤ ሰው ነው እየሄደ ያዳነው። እኔም እናቴን ተከትዬ ለቅሶ ስደርስ ሥርዓቱን አይቻለሁ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ግድግዳውን ተደግፎ ዝም ተብሎ ይቀመጣል። ሐዘንተኛው እስኪናገር ማንም ወሬ አይጀምርም። ሐዘንተኛው ሳይቀምስም ማንም አይወጣም። ማን እንደሞተ በትክክል አላወቅሁም እንጂ ምን መደረግ እንዳለበት አውቃለሁ አልኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ለናቲና አብራን ለምትጫወተው ለሊዲያ ነገርኳቸው፤ እነሱም ለሌሎቹ ነገሩ። ሊዲያ "ለሜዳም ይለቀሳል እንዴ?" አለች። "ለሱ የሚመጣ ዘመድ የለውም፤ እኛ ካልደረስን ማን ይደርሳል?" ስላት ቦርሳዋን አነሣች። ናቲ ከቤቱ ትልቁን የኮካ ጠርሙስ አምጥቷል፤ የለቅሶ ቤት ያለ ለስላሳ አይሆንም ብሎ።

ጋሼ ታምራት በሩን ከፍቶ ሁላችንንም ሲያይ ክው አለ።

"ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?"

 ጫማችንን አውልቀን፣ አንድ በአንድ ገብተን ግድግዳውን ተደግፈን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። እሱ ቆሞ ቀረ። የልብስ ማድረቂያዎቹ ከሥራችን ሲሽከረከሩ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ናቲ መታገሥ አልቻለም።

"ጋሼ፣ ለሜዳው ነው የመጣነው።"

እኔም በዚያው "ነፍስ ይማር" አልኩ። ለሞተ ሁሉ የሚባለው እሱ ነው።

ጋሼ ታምራት ትክ ብሎ አየኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ጉልበቱን ያዘና "አሜን" አለ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለውን ያን ቀን አየሁት። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ወዴት እንደሚታይ ሥርዓቱ ስለማይናገር ሁላችንም የናቲን ኮካ አየን።

ካለቀሰ በኋላ ነገረን። ቡዳፔስት በገባ በመጀመሪያው ክረምት ብቻውን ሜዳ ገብቶ፣ ኮፍያ እንኳ ሳያደርግ ብርዱ ውስጥ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፣ አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይዞ ሰው መሃል አስገባው። ላዮሽ ባቺ ይባላል። ባቺ ማለት እንደ እኛ ጋሼ ማለት ነው። ቄራ ውስጥ የሚሠራ፣ ጣቶቹ እንደ በቆሎ እሸት የወፈሩ ሰው ነበር። በወረቀት የተጠቀለለ የዱባ ፍሬ ግማሹን መዳፉ ላይ ገለበጠለት። ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ኳስ ነበራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላዮሽ ባቺ ቀድሞ እየመጣ፣ ካፖርቱን ከጎኑ ደረጃው ላይ አንጥፎ ቦታ ይይዝለታል። ሰው ሊቆም ሲመጣ "ተይዟል" ይላል። እንዲህ ብዙ ዓመት ቆሙ።

"ከዚያ አገር ቤት መንግሥት ተለወጠ። ገንዘቡም ወረቀቱም ቆመ። አንድ ጓደኛዬ በድንገት መውጫ አገኘልኝ። ከመሄዴ በፊት የነበረው ጨዋታ ላይ ልነግረው ፈለግሁ፤ አፌ እንቢ አለኝ። 'ቅዳሜ እንገናኝ' ብዬው ወጣሁ።" እጁን ተመለከተ። "ሐሙስ አውሮፕላን ላይ ነበርኩ። እሱ ካፖርቱን አንጥፎ ጠብቋል ማለት ነው። ስንት ቅዳሜ እንደጠበቀ አላውቅም። አሁን በሕይወት የለም፤ ያኔም ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን ሄጄ ያቺ ደረጃ ላይ እቆማለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። ደረጃዋ የለችም።"

ናቲ እጁን አወጣ፣ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ሁሉ። "ሶ ሜዳው ለዘላለም ተዘጋ?"

"አይ፣ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ይሠራሉ። ግን ያዞሩታል።" የአንድ እግሩን ጫማ አንሥቶ ምንጣፉ ላይ በርዝመቱ አስቀመጠ፤ ከዚያ ወደ ጎን አዞረው። "ጎል የነበረው ጎን ይሆናል። የእኛ ቦታ መንገድ ይሁን ሽንት ቤት፣ እንጃ።"

"ስለዚህ ሜዳው አልሞተም!" አለ ናቲ ደስ ብሎት። በክርኔ ደቆስኩት፤ ለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም።

ቅዳሜ ይመጣ እንደሆነ ጠየቅሁት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ቤዛ። ለእናንተም እመጣለሁ ብዬ አንድ ቀን ብቀርስ? ሌላ ሰው ፈልጉ። ይሻላችኋል።"

ሌላ ሰው የት አለ? ደግሞስ የምፈልገው እሱን ነው። በነጋታውም ሄድን። ከዚያም በኋላ፣ ሁላችንም ባንሆን እንኳ ሦስታችን፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እየሄድን ግድግዳውን ተደግፈን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ሻይ ያፈላልን ነበር። ኋላ የቤት ሥራችንን ማየት ጀመረ። አብሮን ሽሮ ይበላል። ጢሙን ግን አልነካም፤ ስለ ቅዳሜም አይናገርም። ፋሲካም መጥቶ አለፈ።

ወሬው ከእናቶች ጆሮ ሲደርስ ቤታችን ተቀወጠ።

"ሰው ሳይሞት ለቅሶ! ሟርተኛ! ምን ልታመጪብን ነው?" አለች እናቴ። "ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትሄጂ! ደግሞ ሰውየውን አንተ አንተ ትዪዋለሽ አሉ፤ አንቱ በዪ!"

ያን ሌሊት ስገላበጥ አቶ ግርማ እንዴት እንደዳነ ትዝ አለኝ። መቀመጥ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ሽማግሌዎች መጥተው "በቃህ" ብለው፣ ምላጭ ሰጥተው አስላጩት። በማግስቱ ሥራ ገባ። እኛ የጎደለን ይህ ነበር! የፓልምሶች ጨዋታ ሊደርስ አንድ ቀን ቀርቶታል። አርብ ከሰዓት በኋላ የአባቴን ምላጭና የሳሙናውን ቆርቆሮ ቦርሳዬ ውስጥ ጨምሬ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ገጠመችኝ። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"የአባባ ምላጭ።"

"ለምን?"

"ጋሼ ታምራትን ላስላጭ። አቶ ግርማን እንዳስላጩት።"

አፏን ከፍታ አየችኝ። ልትስቅ ነው ብዬ ቀደምኳት፤ ያለቀሰው ለሜዳ ብቻ እንዳልሆነ ነገርኳት። ስለ ላዮሽ ባቺ፣ ስለ ካፖርቱ፣ ቅዳሜ እንገናኝ ስላለውም። ፊቷ ተለወጠ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጭ የሥራ ጫማዋን ለረጅም ጊዜ አየች። እሷ ሥራ ላይ የምትንከባከባቸው ሽማግሌዎች አሉ። ሲሞቱ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ይተኛል፤ ማንም ደርሶ እግዚአብሔር ያጽናሽ አይላትም። ይህን የተረዳሁት በጣም ቆይቼ ነው።

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አለችና ተነሣች። "ሐዘን የሚያስወጣ ትልቅ ሰው ነው። ምላጩን አምጪ።" ነጠላዋን ለለቅሶ እንደምታጣፋው አጣፍታ ለብሳ ከፊቴ ወጣች።

ጋሼ ታምራት እናቴን በዚያ ነጠላ ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። እሷም አልተቀመጠችም።

"ጋሼ ታምራት፣ ስቄብዎት ነበር። ለኳስ ሜዳ መስሎኝ ነው። ሰውዎን፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማርልዎት።"

"አሜን፣ ሰናይት።"

"እርስዎንም ያጽናዎት። አሁን ግን ይብቃዎት። እሱ ቆሞ ሲጠብቅዎት እርስዎ አልመጡም፤ እሺ፣ ሆነ። እነዚህም ማሊያቸውን ለብሰው ልብስ ማጠቢያው በር ላይ ቆመው ጠብቀዋል። እነዚህ ግን አልሞቱም፤ እነዚህ ጋ መድረስ ይችላሉ።" ምላጩን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። "ይላጩ።"

እንቢ የሚል መስሎኝ ነበር። ምላጩን ተቀብሎ መታጠቢያ ቤት ገባ። ውኃው ሲወርድ ሰማን፤ ቆመ፤ እንደገና ወረደ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሲወጣ አገጩ ከቀረው ፊቱ ነጣ ብሎ፣ ጉንጩ ላይ በተቆረጠበት ቦታ የሽንት ቤት ወረቀት ተለጥፎበታል።

"እነዚያ ፓልምሶች በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?" አለኝ።

ቅዳሜ መናፈሻው ስንደርስ ሜዳችን ላይ ጎልማሶች ቡድን ሠርተው ይጫወታሉ፤ ወረቀት አላቸው፤ አስፈቅደዋል። ለእኛ የቀረን ከአጥሩ ሥር ያለ ጠበብ ያለ ሣር ነው። ናቲ ቦርሳውን ጣለ። የፓልምስ አሠልጣኝ ቢኒ የሚባል ወጣት ነበር፤ ልጆቹን ከቫኑ አውርዶ፣ አየት አደረገና "ጋሼ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ካንስል እናድርገው። እዚህ ላይ ጌም አይሆንም" አለ።

የድሮው ጋሼ ታምራት ሰው ሲገፋው "ኦኬ፣ ኦኬ" ብሎ የሚያልፍ ነበር። ያን ቀን ግን ሣሩን በእርምጃ ለካ፤ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ተመለሰ። ከዚያ ብርቱካንማ የሜዳ ምልክቶቹን ሰብስቦ፣ እስከዚያ ቀን ከተጫወትንበት አቅጣጫ አዙሮ በጎን በኩል ደረደራቸው። ጎሉ አጥሩ ሥር ሆነ። ጠባብ ነው፣ አጭር ነው፤ ግን አራት ማዕዘን አለው።

"ግቡ!" አለን።

ገባን። አቅጣጫው ጠፍቶን መጀመሪያ ላይ እርስ በርስ እንጋጭ ነበር። ፀሐይዋ ሁልጊዜ ከጎናችን የነበረችው አሁን ዓይናችን ውስጥ ገባች። ሁለት ጎል ወዲያው ተቆጠረብን። ሊዲያ አንድ መለሰች፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሳትኩ፤ ናቲ አንዱን በሆዱ አዳነና ተነሥቶ ልክ እንደ አዋቂ ተሳደበ። እናቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጥታ ጎሉ ጀርባ አጥሩን ይዛ ቆማ ነበር፤ ስድቡን ሰምታ እንኳ አልተቆጣችም። በአንድ ጎል ተሸነፍን። ግን ሲያልቅ ያነባ አልነበረም፤ ፓልምሶች ደክሟቸው ሣሩ ላይ ተዘርረዋል፤ እኛ ቆመናል።

ቢኒ ላቡን እየጠረገ መጣና ጋሼ ታምራትን ጨበጠው። "ሶ ጋሼ፣ አንድ ጌም እንጨምር? በሚቀጥለው ቅዳሜ ትኖራላችሁ?"

ጋሼ ታምራት እኛን አየ፤ እናቴን አየ። አሁንም ጉንጩ ላይ የተቆረጠው ቦታ ቀላ ብሎ ይታያል። እኔ ልብሴን በሁለት እጄ ጨብጬ አፉን አፉን አያለሁ።

"እዚሁ ነን" አለው።